ቅርስና ውርስ

ሳይጠየቅ የሚያስተረጉም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ጆሃንስበርግ እኔን የገጠመኝ ጎረቤቴ ተስፋዬ ነው።

እንግሊዝኛ የማያውቁት ሽማግሌው ጋሽ ላምቤቦ ጀፕስታውን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ውስጥ አንድ የጥንት ቤት ገዝተዋል፤ በረንዳው የብረት ዳንቴል የለበሰ፣ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት። አንድ ቀን ከቅርስ ጥበቃ የመጣች ወጣት ባለሙያ ቤቱ ቅርስ መሆኑን፣ ምስማር እንኳ ሊነቀልበት እንደማይገባ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ቤቱ ውርስ ነው ትላለች።»

አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። የጋሽ ላምቤቦ አባት ቤት በደርግ ጊዜ የተወሰደው ግን «ተወርሷል» ተብሎ ነው። ሽማግሌው ክርክር አላበዙም። ቤቱን ቢወስዱም በሩን አልሰጣቸውም ብለው በሩን፣ መስኮቱን፣ የበረንዳውን ዳንቴል ሳይቀር አስነቅለው በጭነት መኪና አሸሹ።

ባለሙያዋ በሳምንቱ ስትመለስ የጠበቃት ባዶ ግድግዳ ነው። እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ አለቀሰች። ጋሽ ላምቤቦ ጠጋ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ ልጄ፤ የአባቴን ቤት ሲወርሱት እኛም እንዲሁ አልቅሰናል» አሏት።

ተስፋዬ ይህችን ብቻ ሳይሳሳት ተረጎማት።