በጓሮ በር የመጣ ዋንጫ

ሁለተኛ ዕድል የሚጠላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ፈተና የወደቀ ተማሪ ይወደዋል፤ ክስ የተረታ ሰው ይግባኝ ይለዋል፤ ሚስቱን ያስቀየመ ባል ሽማግሌ ይልክበታል። እናንተስ ብትሆኑ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ዛሬ ጠዋት የተነሳችሁት ስልካችሁ መጀመሪያ ሲጮህ ነው ወይስ ዝም ካሰኛችሁት በኋላ ዳግመኛ ሲጮህ? ሁላችንም እንወደዋለን። እኔን ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁለተኛ ዕድል ሲታደል ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? የቸገረው ነው ወይስ ጉልበት ያለው?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ኳስ ነው።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ እየመራሁ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ስመላለስ እከርምና፣ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሳሳ ሲል የአካባቢያችን የእግር ኳስ ውድድር ኮሚቴ ጸሐፊ እሆናለሁ። የተመረጥኩት ኳስ ስለማውቅ አይደለም፤ ከእንግዶች ማልያ ለምኖ የሚያመጣ ሰው ስላስፈለገ ነው። ሰብሳቢያችን ቄስ ሞላም የተመረጡት ኳስ ስለሚያውቁ አይደለም (ቢያውቁም አይናገሩም)፤ ቄስ ባለበት ዳኛ የሚሳደብ አይኖርም ተብሎ ነው። የላሊበላ ከተማ ይሰለፋል፣ ጋሸና ይሰለፋል፣ ፍላቂት ይሰለፋል፣ ከነሱ ሌላ ደግሞ ከደጋ ቀበሌዎች የሚመጡ ቡድኖች አሉ። ሕጉ ጥሎ ማለፍ ነበር። የተሸነፈ ጫማውን ፈትቶ ወደ አገሩ።

ከደጋዎቹ አንዱ ጥድ አምባ ነው። ገብስ አምራቾች ናቸው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው ይመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይሸነፋሉ፣ በዚያው አይሱዙ ይመለሳሉ። የከተማው ሰው «ሹፌሩ ሞተር አያጠፋም» እያለ ያሾፍባቸዋል። አምበላቸው ደሳለኝ ይባላል፤ ረዥም፣ ቁጥብ፣ ሁለት በሬና አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ያለው ገበሬ።

አምና ውድድሩ ሊጀመር በተቃረበ ሰሞን፣ በገበያ ቀን ቤቴ ድረስ መጣ።

«አያ ጌጡ፣ የዘንድሮው የመጨረሻችን ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሽማግሌዎቹ ቆርጠዋል። ‘ገብሱን አውድማ ላይ ጥላችሁ ለመሸነፍ ትሄዳላችሁ። ዘንድሮም በመጀመሪያው ቀን ከተመለሳችሁ ኳሷን እንቆልፍባታለን’ ብለውናል።»

«ቢቆለፍባትስ አንተ ምን ትሆናለህ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ለማጽናናት መሆኑ ነው።

«ምን እሆናለሁ? አርሳለሁ።» አለና ተነስቶ ወደ ገበያው ሄደ። ቃሉ ግን አልለቀቀኝም።

በዚያው ሳምንት ኑላ የምትባል አየርላንዳዊት እንግዳ ያዝኩ። በወጣትነቷ የአገሯን ኳስ ትጫወት ነበር። ጌሊክ ይሉታል፤ ኳሷን በእጅም ይይዟታል፣ በእግርም ይመቷታል፣ ከአግዳሚው ሥር ብትገባ ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ብታልፍ አንድ ነጥብ ይሰጣል። በእኛ ሜዳ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ ነጥብ አታስገኝም፣ ከገደል ውስጥ ትለቀማለች እንጂ አልኳትና ሳቅን። የእሷ አውራጃ ትንሽ ስለሆነች በየዓመቱ አንድ ጨዋታ ተሸንፋ ትወጣ ነበር አሉ። ኋላ ግን የተሸነፉት እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ያሸነፈው ወደ ውድድሩ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተ። እነሱም ስሙን የጓሮ በር ብለውታል። የእኛን አገር የጓሮ በር አስቤ ፈገግ አልኩ። ያው ታውቁታላችሁ፣ ዘመድ ያለው የሚገባበት።

«እና ጠቀማችሁ?» አልኳት።

«አባቴ አዳነን ይላል፣ ወንድሜ ገደለን ይላል። በውድድሩ ሰሞን ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ አናስቀምጣቸውም» አለችኝ።

ወንድምየው ለምን እንደዚያ እንደሚል ልጠይቃት ስል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረስን። ጫማ አወለቅን፣ ድምፃችንን ቀነስን፣ ጨዋታው እዚያው ቀረ። ስንወጣ ስለ ድንጋዩ አጠራረብ ጠየቀችኝና ስለ ድንጋዩ ስናወራ ዋልን። እኔ ግን የአባትየውን ቃል ይዤ ወደ ኮሚቴው በረርኩ።

ሐሳቤን እስከምጨርስ ቄስ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«እንግዲህ ንስሐ ነው የምትለው» አሉ።

«እንደዚያ ይበሉት አባቴ። የወደቀው እንዲነሳ ነው።»

«ንስሐማ ለሁሉም ነው» አሉና አጸደቁልን። «ለሁሉም» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም። ለደሳለኝም ደውዬ «ብትሸነፉም መመለሻ በር አለ፤ የተከፈተው ለእናንተ ነው» አልኩት።

ዕጣ ወጣ። ጥድ አምባ ከላሊበላ።

ሕዝቡ ገና ዕጣው ሲነበብ ሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይሸነፉ፤ በሩ ተከፍቷል፤ ከደካማ ጋር ይጋጠማሉ፤ አንዴ ያሸንፋሉ፤ ኳሷም ከመቆለፍ ትድናለች። እቅዴ ሙሉ ነበር። እቅዴ ያልጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥድ አምባ ማሸነፉን።

ሜዳችን ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነው። ላሊበላዎች ከዳር እስከ ዳር ሲያጠቁ ዋሉ፤ የጥድ አምባ በረኛ በእጁም በደረቱም በፊቱም መለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደሳለኝ ኳሷን ከራሱ ግብ አካባቢ እንዲያው ትራቅልኝ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ለጋት። ተከላካዩ በረኛው ይይዛታል ብሎ ተወ። በረኛው ተከላካዩ ያወጣታል ብሎ ተወ። ኳሷ በመሐላቸው አንዴ ነጥራ፣ ሁለቴ ነጥራ፣ እየተንከባለለች ገባች። ገበያ ውለው ሊመለሱ የነበሩ የደጋ ሴቶች ከሜዳው ጥግ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ወረወሩና መልሶ ራሳቸው ላይ ሲወድቅ በዚያው ተሸፍነው ጨፈሩ።

የላሊበላው አምበል ቢኒያም የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ማልያውን ፊቱ ላይ አድርጓል። አሳዘነኝ፤ ሄጄ ትከሻውን ነካ ነካ አደረግኩት።

«ተነስ እንጂ፣ ገና ነው። ሁለተኛ ዕድል አለላችሁ።»

ማልያውን ከፊቱ ገፈፈ። ደሳለኝ ለካ ሊጨብጠው መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።

«አሸንፈናቸው የለም እንዴ?» አለ።

«አሸንፋችኋል።»

«ታዲያ?»

«ይመለሳሉ።»

«ከየት?»

«ያው… በጓሮ በር።»

ቢኒያምን አየው፣ እኔን አየኝ። «ለእኛ ነው የተከፈተው ያልከኝ?» አለ። በቁጣ አልነበረም። እንዲያው ማወቅ የፈለገ ሰው አነጋገር ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ እያለ ነው የሆነው። ጥድ አምባ ቀጣዩንም አሸንፎ ቀድሞ ለፍጻሜ ደረሰና መጠበቅ ጀመረ። ላሊበላዎች ደግሞ በጓሮ በር አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን እያሸነፉ፣ በየጨዋታው እየተሳሉ መጡ። በመሐል የንግሥ በዓል ገባ፤ ቄስ ሞላ ባሉበት ኮሚቴ በንግሥ ቀን ኳስ አይታሰብም፣ ፍጻሜው ተገፋ። ለከተማው ቡድን ቀን ቢገፋ ምኑ ነው? ቤቱ ይበላል፣ ቤቱ ይተኛል። ጥድ አምባዎች ግን ዘመድ ቤት ተጠጋግተው ነው ያደሩት። ይባስ ብሎ ደጋው ላይ ደመና ቋጠረ። ያልተወቃ ገብስ አውድማ ላይ እያለ ዝናብ መጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም። ስልካቸው መጮህ ጀመረ። አባት ይደውላል፣ ሚስት ትደውላለች። ግማሾቹ ክምር ሊያለብሱ ወጡ። ደሳለኝም ወጣ።

የፍጻሜው ዕለት አይሱዙው ዘግይቶ ደረሰ። ከላዩ ላይ ሲወርዱ አየኋቸው። ክንዳቸው በገብስ ጭድ ተፋፍቋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ በረኛው ጭራሽ አልመጣም፤ የእሱ ክምር ገና አልተሸፈነም ነበርና። አራት ለዜሮ ተሸነፉ። ሦስተኛው ሲገባ ማንም አልጮኸም፤ የላሊበላ ደጋፊ እንኳ አጨብጭቦ ዝም አለ።

ደሳለኝ ቢኒያምን ጨበጠና ወደ አይሱዙው ሲሄድ በእኔ በኩል አለፈ።

«አያ ጌጡ፣ በሩ ሰፊ ነው» አለኝ።

ነገሩ የተለወጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ደሳለኝን ሳገኘው ልቤ እየፈራ ስለ ኳሷ ጠየቅኩት። ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለካ ላሊበላን ያሸነፉ ዕለት ወሬው በስልክ ቀድሞ ጥድ አምባ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ በግ አርደዋል። ኋላ ቡድኑ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ የፍጻሜውን ውጤት ሲናገር አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «እኛ የሰማነው ላሊበላን ማሸነፋችሁን ነው። ሌላውን ለራሳችሁ ያዙት» አሉ። ኳሷ አልተቆለፈችም። የፍጻሜው ጨዋታ እስከ ዛሬ ጥድ አምባ አልደረሰም።

ላሊበላስ? ዋንጫውን ወስዶ ዋንጫውን አጣው። ቢኒያም በየሄደበት «በየት በኩል ገባችሁ?» ይሉታል። የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር «በፊት ለፊት ላውርድህ ወይስ በጓሮ?» ይለዋል። በፊት ሲያሸንፉ የሚያቅራራው ከተማ፣ በዚያ ዓመት የሚያወራው ስለዚያች ነጥራ ስለገባች ኳስ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን «ጌጡ፣ ያን ቀን ምናለ ዝም ብለህ በተኛሁበት ብትተወኝ?» አለኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ለውድድሩ ስንሰበሰብ ቢኒያም ቀድሞ ተነሳ። የጓሮ በሩ ይዘጋ፣ እንደ ድሮው ጥሎ ማለፍ ይሁን አለ። ሁሉም ዞሮ ደሳለኝን አየ። ከእሱ በላይ ይህንን የሚደግፍ ከየት ይመጣል?

«አይዘጋ» አለ ደሳለኝ።

ቄስ ሞላ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ ዋንጫህን የወሰደብህ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው አባቴ። ዋንጫውንማ እፈልገው ነበር፣ አንቱን አልዋሽም። ግን እኛ ከዚህ በፊት በዓመት አንድ ጨዋታ ነበር የምንጫወተው። አምና ሦስት ተጫወትን። ከፍጻሜው በኋላ ተጣላን፤ ክምር ጥለህ የቀረህ፣ ኳስ ጥለህ የሄድክ ተባባልን። ከዚያ ተቀምጠን ተነጋገርን። ዘንድሮ ገብሱን በደቦ ቀድመን ወቅተናል፤ ሁለተኛ በረኛም አዘጋጅተናል። አንድ ተጫውቶ የሚመለስ ቡድን ለምን ሁለት በረኛ ያዘጋጃል?»

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ ዓመቱን ሙሉ በዳሁት ብዬ ስብሰለሰል፣ ሰውየው ለካ የተበደለበትን ነገር ወዶታል። ቢኒያም ደግሞ የተጠቀመበትን ጠልቶታል። ማን ተጎዳ፣ ማን ተጠቀመ? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ድምፅ ተሰጠ። ጋሸናም ፍላቂትም ከደሳለኝ ጋር ሆኑና በሩ አይዘጋም ተባለ። ቄስ ሞላ ሊመርቁ ሲሉ ቢኒያም እጁን አወጣ።

«አባቴ፣ ሰዉ በደንብ ያሰበበት አልመሰለኝም። ሻይ ጠጥተን እንደገና ድምፅ ቢሰጥበት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቢኒያም ራሱ የጠየቀውን የተረዳው ሰው ሲስቅ ነው፤ ፊቱ ቀላ፣ እጁን ግን አላወረደም። ቄስ ሞላ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ሕጉ ገና አልተሻረም፤ ይፈቀድለታል» አሉ።

ሻይ ተጠጣ። ቢኒያም ብርጭቆውን ይዞ ከጋሸናው ተወካይ ወደ ፍላቂቱ፣ ከፍላቂቱ ወደ ጋሸናው ሲመላለስ፣ ስለሚረዝመው ቀንና ስለሚያልቀው ስንቅ ሲያወራ ዋለ። ማስጎብኘት ሥራው ነው፤ ሰው ማሳመን ያውቅበታል። ደሳለኝ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ጠጣ።

እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ጋሸናም ፍላቂትም ዞሩ። ሁለተኛ ዕድል፣ በሁለተኛ ዕድል ተሻረ።

ደሳለኝ ወደ እኔ ዘንበል አለና በጆሮዬ «አሁን እኛም እንደገና እንጠይቅ ይሆን?» አለኝ። እየቀለደ ይሁን የምሩን ማወቅ አልቻልኩም። ቀና ብዬ ቄስ ሞላን ፈለግኳቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው ወጥተዋል።