አቶ ሽፈራው የማያውቁት ጨዋታ

ሐበሻ በተከራየበት ሕንፃ ሁሉ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ስለ ኢሚግሬሽን ከጠበቃ፣ ስለ ጉንፋን ከሐኪም፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ከወላጅ ይበልጥ ያውቃል። ምክር ለመስጠት መጠየቅ አያስፈልገውም። ሊፍት ውስጥ አብራችሁት ከገባችሁ ይበቃዋል።

ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር አቶ ሽፈራው ነበሩ። እሳቸው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን፣ እኔና ልጄ ጸዮን ዘጠነኛው ላይ እንኖር ነበር። አዲስ አበባ እያሉ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። ከረባት ሳያስሩ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው ደግሞ "ጉዳዩን አጥንቼዋለሁ" በሚል ነው።

አንድ ጊዜ የላውንድሪውን ማሽን አጥንተውት ሕንፃው በሙሉ ሳምንት ያህል ቆሻሻ ልብስ ለብሶ ከርሟል። ድመት ስታይ የምታስነጥስ ጎረቤታችንን፣ መድኃኒቱ መላመድ ነው ብለው ድመት እንድታሳድግ መክረዋታል። የካናዳ ክረምት በጥር አጋማሽ እንደሚያበቃም በየዓመቱ ያረጋግጡልን ነበር። በየዓመቱም በሚያዝያ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዘንድሮ ግን ለየት ያለ ነው ይላሉ።

ጸዮን ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ በ1994 ዓ.ም. በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ትምህርት ቤቷ ሪንክ ወደሚሉት የበረዶ አዳራሽ ወሰዳት። ማታ ስትመለስ ጉልበቷ ተልጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

"ማሚ፣ ሆኪ መጫወት እፈልጋለሁ" አለችኝ።

እኔ በረዶ የማውቀው እየረገምኩ ወደ ሥራ ስሄድ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ በበረዶ ተንሸራትተው ዳሌያቸው የተሰበረ ሰዎችን ሳነሳና ሳስተኛ እውላለሁ። ስለዚህ መልሴ አይሆንም ነበር። ነገሩን በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ለአቶ ሽፈራው ማንሳቴ ግን ስህተት ሆነ።

"ጉዳዩን አጥንቼዋለሁ" አሉ፤ ገና ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነን። "ውቢት፣ ሆኪ ማለት የገና ጨዋታ ነው። ያው ዱላ፣ ያው ጥንግ። ልዩነቱ የሜዳው መቅለጥ ብቻ ነው። ገና የተጫወተ ሕዝብ ሆኪ አያቅተውም።"

"እኔ ገና ተጫውቼ አላውቅም፣ አቶ ሽፈራው። ሴቶች አይጫወቱም ነበር።"

"እሱን ነው የምታስተካክለው" አሉና ምድር ቤት ስንደርስ ወጥተው ሄዱ።

እሳቸው በሊፍቱ፣ ጸዮን በቤቱ ሲወተውቱኝ ተሸንፌ እሺ አልኩ። አንድ አውቶቡስ ተይዞ በሚደረስበት ሪንክ የነበረው የወንዶች ቡድን ብቻ ነው። ዳግ የሚባል፣ ማስቲካ የሚያኝክ ቁጥብ አሰልጣኝ ልጄን ከላይ እስከ ታች አያትና "መንሸራተት ከቻለች ትጫወት" አለ። አልቻለችም። የመጀመሪያውን ወር በእግሯ ካሳለፈችው በመቀመጫዋ ያሳለፈችው ይበልጣል። በሁለተኛው ዓመት ግን ፓክ የሚሏትን ጥቁር ጎማ ይዛ ስትበር ወንዶቹ ከኋላዋ ይንጠባጠቡ ጀመር።

ይህን ያልወደደ አንድ አባት ነበር። ሴት ልጅ መሀላቸው ስላለች ልጆቹ እንደ ልባቸው መጫወት አልቻሉም እያለ ያጉረመርማል። ጨዋታ የማያመልጣቸው አቶ ሽፈራው አንድ ቀን ከአጠገቤ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡና ፊቱ ቆሙ። በእኛ አገር በገና ዕለት ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ እንደማይቆጣ፣ ሜዳ ላይ ማዕረግ እንደሌለ፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ ዐሥር ደቂቃ አስረዱት። ሰውየው የገባው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን ተቀመጠ።

በ1996 ጸደይ ሲቃረብ ሊንዳ የምትባል ሴት መጣች። ዌስተን ውስጥ የሴት ልጆች ቡድን ታሠለጥናለች። ጸዮንን ሁለት ጊዜ ቆማ ከተመለከተች በኋላ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትምጣልኝ አለችኝ። ልምምዱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። መልስ የምትፈልገው በሁለት ሳምንት ውስጥ።

አሰልጣኝ ዳግ ደግሞ የራሱ ወሬ ነበረው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ወንዶቹ በትከሻ መማታት ይፈቀድላቸዋል። ልጄ እንኳን ትከሻ፣ ቦርሳዋን ስትሸከም የምትንገዳገድ ናት። እንቅልፍ አጣሁ። ከወንዶቹ ጋር ብትቀር አጥንቷን እፈራለሁ፤ ብትለቅ ደግሞ ያ አባት ደስ ይለዋል።

አቶ ሽፈራው ግን አጥንተውት ነበር።

"የሴቶቹ ቡድን ማለት ውሃ የበዛበት ሽሮ ነው" አሉኝ። "ከጠንካራ ጋር የታገለ ይጠነክራል። ትቆይ።"

"ሲጫወቱ አይተዋቸው ያውቃሉ?"

"ማየት አያስፈልግም።"

ጸዮንን ስጠይቃት "ማሚ፣ ፑሽ አታድርጊኝ፣ እያሰብኩ ነው" አለችኝ። ከዚያ ሊንዳ ለአንድ ልምምድ ጋበዘቻት። አቶ ሽፈራው የሴቶቹን ድክመት በቦታው ሊያሳዩን በአሮጌ መኪናዬ እወስዳችኋለሁ አሉ። የኤግሊንተንን ጎዳና ይዘን እስከ ዌስተን ድረስ ስለ ሽሮው ሰበኩን።

አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጆቹ ገቡ። አንዲት ሹሩባዋ ከሄልሜቷ ሥር የወረደ ልጅ ፓኳን ይዛ ሦስት ሰው አለፈችና ሳታይ ወደ ኋላ አቀበለች። ተቀባይዋ ልጄ ነበረች። ወንዶቹ ዘንድ ፓኳን የምታገኘው ነጥቃ ነው። እዚህ ሰጧት። ሰጠቻቸው። መልሰው ሰጧት። ፍጥነታቸው የወንዶቹን ያህል ነው፤ የሚያዩት ግን ይበልጣል።

አቶ ሽፈራው ሃያ ደቂቃ አልተናገሩም። ያመማቸው መስሎኝ ዞሬ አየኋቸው። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ጸዮን ከኋላ ወንበር "ጋሼ ሽፈራው፣ የቱ ይሻለኛል?" አለቻቸው።

ሞተሩን አስነሡ። መልሰው አጠፉት።

"እኔ እንጃ" አሉ። "አላውቅም፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ። የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

በስድስት ዓመት ጉርብትና ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ልብሳቸውን ሲቀይሩ የደረስኩ ያህል አፍሬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጸዮን ከኋላ ወደ ፊት ጠጋ አለችና "ከወንዶቹ ጋር ስሆን ልብስ የምቀይረው መጥረጊያ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው" አለች። "ብቻዬን። ከግድግዳው ማዶ ሲስቁ እሰማለሁ። ምን እንደሚያስቃቸው ግን አይሰማኝም። ዛሬ እኔም ውስጥ ነበርኩ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል በር ላይ ቦርሳዋን ይዤ ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ከውስጥ ሆና የምትሰማውን አልጠየቅኳትም። እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁላት፤ ያዘችው።

"ወደ ሴቶቹ እሄዳለሁ" አለች። "ግን ሲዝኑን ሳልጨርስ አይደለም። ፈርታ ሄደች እንዲሉ አልፈልግም።"

ከወንዶቹ ጋር የቀሯት ሁለት ጨዋታዎች ነበሩ። በመጀመሪያው አንድ፣ በመጨረሻው ሁለት ጎል አገባች። በመጨረሻው ላይ ወንዶቹ መጡና ላይዋ ተከመሩ፤ ዳግ ማስቲካውን ማኘክ አቁሞ "ቦታሽ ይጠብቅሻል" አላት። ያ የሚያጉረመርመው አባት እንኳ ወደ እኔ መጥቶ ለምን እንደምትሄድ ጠየቀኝ።

"ስላቃታት አይደለም" አልኩት። ከዚያ በላይ ማለት አላስፈለገኝም።

የሚቀጥለውን ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፣ አቶ ሽፈራው ከታች የመኪናቸውን ጥሩምባ ይነፉልናል። ከረባታቸው እንደታሰረ ነው። አጭር መንገድ አጥንቻለሁ ብለው ሁለት ጊዜ ከከተማው አስወጥተውናል። አንድ ጊዜ ደግሞ የሊንዳን ሴት ልጆች በሙሉ ሰብስበው ስለ ገና ጨዋታ ንግግር አደረጉላቸው፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት "ገና" ብለው እጅ ለእጅ ይማታሉ። ትርጉሙን የጠየቀ የለም።

መጋቢት ላይ ለዋንጫ ደረሱ። ተጋጣሚው ዓመቱን ሙሉ ያልተሸነፈ ቡድን ነው። ሁለት ለሁለት ሆኑና ሦስት ደቂቃ ቀረ። ጸዮን ፓኳን ከራሳቸው ሜዳ አንሥታ ወጣች። አንዷን አለፈች። ሁለተኛዋ ስትደርስባት ወደ ባለ ሹሩባዋ ልጅ ገፋችላት፣ ልጅቷም ሳታቆማት መለሰችላት። ግብ ጠባቂዋ ወደ ግራ ስትወድቅ ልጄ በቀኝ ከተተቻት።

እኔ የጮህኩት ጩኸት ሁለት ቀን ድምፅ አሳጣኝ፤ መጦሪያ ቤት ካሉት ሽማግሌዎች ጋር የተግባባሁት በምልክት ነው። አቶ ሽፈራው ግን አልጮሁም። የካፖርቴን እጅጌ ጨብጠው ይዘው፣ ደወሉ እስኪደወል አልለቀቁም።

ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ቤተሰብ በረዶው ላይ እንዲገባ ተፈቀደ። ሁሉም በጫማው እየተንቀጠቀጠ ወረደ። አቶ ሽፈራው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁና ከፌስታል ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ አወጡ።

"ምን እየሠሩ ነው?" አልኳቸው።

"ከጥቅምት ጀምሮ እየተማርኩ ነው" አሉ፤ ማሰሪያውን እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ። "ረቡዕ ረቡዕ፣ ከጀማሪዎች ጋር። አስተማሪዬ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እስካሁን ወንበር እየገፋሁ ነው የምሄደው። ያንን ቀን መኪና ውስጥ ልጅቷ ስትጠይቀኝ አላውቅም ነው ያልኳት።"

የአጥሩን ጠርዝ ይዘው ገቡ። እግራቸው ወዲያና ወዲህ ይሸሻል፣ ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ተሰቅሏል። ጸዮን አየቻቸው። ዋንጫውን ለባለ ሹሩባዋ ልጅ አስታቅፋ መጣችና ሁለት እጃቸውን ይዛ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ትስባቸው ጀመር። ከደስታዋ ብዛት አንቱታውን ረስታዋለች።

"ጋሼ፣ ጉልበትህን ቤንድ፣ አጠፍ አድርግ። ዳውን፣ ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።"

"እሺ" አሉ አቶ ሽፈራው።

"ቀስ በል።"

"እሺ።"

በሕይወታቸው ምክር ሲቀበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። መሀል ሜዳ ላይ ወደቁና ልጄንም ይዘዋት ወረዱ። የቡድኑ ልጆች እየሳቁ ከበው አነሧቸው። ከወደቁበት ሲነሡ ከንጉሥ ፊት የተሸለመ ሰው ይመስሉ ነበር።

እኔም አላስቻለኝም፤ በሥራ ጫማዬ ገባሁ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ እግሬ ከዳኝ።

"በጫማ ያዳልጣል፣ ውቢት" አሉኝ ከሩቅ። "ነይ፣ እኔን ያዢኝ።"

መቆም የማይችል ሰው ያዢኝ ሲል መስማት ነበረባችሁ። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው እኔን፣ ጸዮን ሁለታችንን ይዛ፣ አዳራሹን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞርን። አልወደቅንም።