ያልታተመው ጠርዝ

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይላሉ፤ እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ ትራስ ባየሁ ቁጥር ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ለእሁድ ጨዋታ ካርታ ስስል ቆይቼ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት፣ እንዲህ አለምኩ።

ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ራሱ ቤታችን ነው፣ ግን ወረቀት ነው።

እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ታሪኩን ራሳችን እየፈጠርን ለምንጫወተው ጨዋታ የውጊያ ካርታ የምሠራው እኔ ነኝ። ዋሻውን፣ ግንቡን፣ ድልድዩን በካሬ በካሬ ከፋፍዬ እስላለሁ፤ ሰፈር ካለው ማተሚያ ቤት አሳትሜ ወረቀቶቹን በኮላ አጣብቃለሁ። ጀግኖቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። አንድ ቆርኪ አንድ ካሬ ላይ ይቆማል፤ ዳይስ ይጣልና በወጣው ቁጥር ልክ ይሄዳል።

በሕልሜ ግን ካሬው ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ትሪ ትሪ የሚያካክሉ ቆርኪዎች ወንበሮቻችን ላይ ተንቀባርረው ዳይስ ይጥሉብናል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ካሬ ካሬውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። የታክሲ ሾፌሮች መኪናቸውን አዝለው ቆመዋል፣ ተሳፋሪ ደግሞ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጠራቸዋል። በራችን ላይ መነጽር ያደረገ ዘንዶ መታወቂያ ያያል።

"ሰው ነህ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ጉድ ነው! እኔ እኮ ልጆቼን 'ሰው የሚባል ነገር የለም፣ አትፍሩ' እያልኩ ነው የማስተኛቸው።"

ይህን ሲል ትልቁ ቆርኪ ጉሮሮውን ጠረገና "አሁን ይታተማል" አለ።

ደነገጥኩ። ካርታ አሳትሞ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ማተሚያ ማሽን የወረቀቱ ዳር ዳር ላይ ቀለም አያሳርፍም። እዚያ የሳሉት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን የተማርኩት ስንት ዋሻ አበላሽቼ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የአባቴ ክፍል ከነአልጋው፣ ከነከዘራው ጠርዙ ላይ ነበር።

አባቴን እግሩ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"አባዬ! አንድ ካሬ ወደዚህ ተሳብ!" ብዬ ጮህኩ።

"ተራዬ አልደረሰም፣ ልጄ።"

እሱ ደግሞ ተራ መጣስ አይወድም። በስኳር ሰልፍ ዘመን ቀርቶበት ይመለሳል እንጂ ሰው አይቀድምም ነበር። ወደ ትልቁ ቆርኪ ሮጥኩ።

"ጌታዬ፣ አባቴ ብቻውን አይንቀሳቀስም። ልሸከመው።"

"አንድ ካሬ ላይ ሁለት ሰው አይቆምም።"

"ይህን ሕግ ማን አወጣው?"

"አንተ ነሃ!" ብሎ ወረቀት ገለጠልኝ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ባለፈው ዓመት ያወጣሁት የጨዋታችን ደንብ ነበር። ፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ተጨመረብኝ።

ያኔ ነው የተሳሳትኩት። ማተሚያ ቤት የምትሠራውን ልጅ በሄድኩ ቁጥር "አደራሽን፣ ካርታውን ከገጹ ጋር ላስማማ ብለሽ እንዳታሳንሺብኝ፤ ካሬው ይጠብና ቆርኪዎቹ አይገቡልኝም" እያልኩ የማሰለቸው እኔው፣ "እባካችሁ አሳንሱት! ጠርዙ ወደ ውስጥ ይግባ!" ብዬ ለመንኩ።

ቆርኪዎቹ ተያይተው ሳቁ። "ይነስለት" አሉ።

ቤቱ ይኮማተር ጀመር። የአባቴ አልጋ ከጠርዙ ራቀ፤ እፎይ አልኩ። ካሬው ግን ሲያንስ ሰው አብሮ አላነሰም። ሾፌሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። አባቴ ጉልበቱን በእጁ እያነሳ ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

"ይበቃኛል፣ ልጄ፣ ይበቃኛል" ይላል። አባቴ እንዲህ የሚለው ሳይበቃው ሲቀር ነው።

"ከካሬው የተረፈ አይታተምም" አለ ትልቁ ቆርኪ።

"መልሱት! ተውት!"

ማሽኑ ወረቀቱን እያንጓጓ ሳበው። መጀመሪያ ከዘራው ነጭ ሆነ፣ ቀጥሎ የአባቴ እግሮች። ዘልዬ እጁን ያዝኩት። የያዝኩት ባዶ ወረቀት ነበር።

የውጭው በር ሲንኳኳ ባነንኩ። በላብ ተነክሬያለሁ። ከበሩ በፊት ወደ አባቴ ክፍል ሮጥኩ። አልጋው ላይ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ሬዲዮ ያዳምጣል። ግንባሩን ሳምኩት።

"ምን ሆነሃል? ይልቅ በር ክፈት" አለኝ።

ከፈትኩ። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው የሚረጭ ቀይ ቀለም ይዟል፣ ሌላው በፕላስተር የተቀጣጠለ ሰፊ ወረቀት።

"ይቅርታ ወንድም፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው" አለ ባለወረቀቱ በትሕትና። "ዋናው ቤት አይነካም፤ አይዟችሁ። ይቺ የዳሯ ክፍል ብቻ ናት።"

"አባቴ አለበት እኮ" አልኩ።

ወረቀቱን አገላበጠና ለጓደኛው አሳየው። "እዚህ ላይ መጋዘን ነው የሚለው።"

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፤

"ማነው? ሰው በር ላይ ይቆማል እንዴ? አስገባቸው እንጂ፣ ልጄ፤ እኔ ጋ ሰፊ ነው!"