ሊቀ ወንፊትና ያልደቀቀው ድንች

ሊቀ ወንፊት ሊፈቱት የተነሡት ችግር ይህ ነበር፦ እንደ ውሃ የላመ ካሮት የምትበላ ሕፃን፣ የቤተሰቡን ምግብ በእጇ እያነሣች እስከምትበላ ድረስ ያለውን መንገድ አንዲት አደጋ ሳትነካት እንዴት ትሻገር? ብዙ እናቶች ይህን ችግር የሚፈቱት ችግር መሆኑን እንኳ ሳያውቁ ነው። በአንድ እጃቸው ድስት እያማሰሉ በሌላው የበሰለ ድንች ያቀብላሉ፤ ልጁ ይውጣል ወይም ይተፋል፤ ኑሮ ይቀጥላል። ሊቀ ወንፊት ግን ችግሩን በክብር ተቀበሉት፤ ስምንት ወር ሙሉም አልለቀቁትም።

በየቤተሰቡ ሙያውን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አውልቆ ወደ ቤቱ መግባት ያልሆነለት አንድ ወንድ አይጠፋም። ትራፊክ ፖሊስ ከሆነ ልጆቹን በእጅ ምልክት ወደ መኝታቸው ያሳልፋል። ኦዲተር ከሆነ የስኳሩን ቆርቆሮ በድንገት ይፈትሻል። የጥርስ ሐኪም ከሆነ ቀልድ ስትነግረው አፍህን እንጂ ቀልድህን አይከታተልም። ለእኛ ቤት የደረሱን ሊቀ ወንፊት ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ናቸው፤ አዝዬ ያሳደግኳቸውን ሰው «አንቱ» የምለው ማዕረጋቸውን ፈርቼ ነው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ደግሞ የገዛ ሚስታቸው ናት።

የሚሠሩት የግንባታ ዕቃዎች በሚፈተሹበት ላቦራቶሪ ነው። አሠራሩ እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ላስረዳ። ወንፊቶች እንደ ምሳ ዕቃ ይደራረባሉ፤ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ከላይ፣ ጠባቡ ከታች፣ ከሁሉም በታች ድፍን ሳህን። የደረቀ አሸዋና ጠጠር ከላይ ይጨመርና ማሽኑ ያንቀጠቅጠዋል። ትልቁ ጠጠር ላይኛው ወንፊት ላይ ይቀራል፣ መካከለኛው መሃል ላይ፣ ብናኙ ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በየወንፊቱ የቀረው ይመዘናል። ከደረጃው ጋር ከተስማማ «አልፏል» ይባላል፤ ካልተስማማ «አላለፈም»። ፎቅ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ ጥበቡን አከብራለሁ። የማላከብረው ካሮት ላይ ሲመጣ ነው።

ልጅቷ ስድስት ወር ሲሞላት ሊቀ ወንፊት አምስት አዳዲስ ትንንሽ ወንፊቶች ገዝተው ከተፍ አሉ። «ከላቦራቶሪው እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው» ብለው ማንም ሳይጠይቃቸው ማሉ። የማቀዝቀዣው በር ላይ በማስመሪያ የተሠራ ሠንጠረዥ ተለጠፈ። ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ጠባቡ ወንፊት፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሰፋ ያለው፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ ያለ ወንፊት። በወረቀቱ መሠረት ልጅቷ ዘጠኝ ወር ሳይሞላት ከእኛ እኩል ማዕድ ትቀርባለች። ሳየው፣ አልዋሽም፣ አስቀናኝ።

«እትዬ፣ ይህ ሳይንስ ነው» አሉኝ።

«ድንቹን በሹካ መጨፍለቁስ?»

«እሱ ግምት ነው።»

የመጀመሪያው ወንፊት በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ የካሮቷ ቅንጣት ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም አትበልጥም ነበር። ልጅቷ ምላሷን አወጣች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ «እኽ!» አለች፣ ተፋችው። ወዲያው ደግሞ ማንኪያውን ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች፤ ጨምሩልኝ ማለቷ ነው። አባቷ ግን ሠንጠረዡ ፊት ቆመው በቀይ እስክሪብቶ «አላለፈም» እያሉ ይጽፉ ነበር።

«ወደ አንደኛው ወንፊት እንመለሳለን።»

«ልጅቷ እኮ እጇን ዘርግታለች።»

«እሷ ደረጃውን አታውቀውም!»

ደንቡ ይህ ሆነ። አንድ «እኽ» ከተሰማ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፤ እባብና መሰላል የሚባለውን ጨዋታ አስቡት፣ መሰላሉ ተነቅሎ እባቡ ብቻ ሲቀር። ልጅቷ አሥረኛ ወሯን ስትይዝ ሁለተኛውን ወንፊት አራት ጊዜ ጀምራ አራት ጊዜ ወድቃለች። ቃሉ ከማቀዝቀዣው በር ወርዶ ቤቱን ወረሰው። ሙዝ አላለፈም። ሩዝ ጨርሶ አላለፈም። አንድ ቀን እኔ ራሴ ከሳህኔ ላይ የበሰለ መኮሮኒ ላቀብላት ስል እጄን አየር ላይ ያዙኝ፤ ቦምብ የያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

እዚህ ላይ የካሮቱን ፈተና ሳልነግራችሁ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ላቦራቶሪያቸው የደረቁ የኮንክሪት ቁራጮችን በማሽን እየተጫነ በስንት ክብደት እንደሚሰበሩ ይመዘግባል። ሊቀ ወንፊት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ የተቀቀለ ካሮት አስቀምጠው፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ እየተጫኑ ቁጥሩን ያነብቡ ጀመር። ሚስታቸው ከጎን ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ስምንት መቶ ግራም ላይ ተሰበረ» አሉ።

«እና ጥሩ ነው መጥፎ?»

«የልጅቷን ድድ አቅም ሳናውቅ እንዴት እንናገራለን?»

«ጣትህን አስነክሳት» አለች ሚስታቸው፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ።

አስነከሱ። ጣታቸው ለሁለት ቀን አብጦ ሰነበተ። ውጤቱ ግን ሠንጠረዡ ላይ አልተጻፈም፤ «አንድ ናሙና በቂ አይደለም» ተባለ።

በአሥራ አንደኛ ወሯ ለክትትል ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ነርሷ ፀጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ የማይቸኩል ሴት ናት። መዝና ለካቻት፤ ክብደቷ መልካም ነው። ስለ ወንፊቱ ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች፤ ከዚያ እኔ እስከዛሬ ለሰው ሁሉ የማስተላልፈውን ነገር አስረዳችን። ሕፃን አፉ ውስጥ ያልለመደው ቁራጭ ሲገባ «እኽ» ይላል፣ ይቀላል፣ ያስላል፣ ይተፋል፤ ይህ መታነቅ አይደለም፣ ጉሮሮው ራሱን መጠበቅ ሲማር ነው። የሚያስፈራው ጸጥታው ነው፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ ካልወጣ፣ ማልቀስም ማሳልም ካቃተው ያን ጊዜ ወዲያው መድረስ ነው። ምን እንደሚደረግም በአሻንጉሊት አሳየችን። ለውዝ በፍሬው አይሰጥም፣ የወይን ፍሬ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ልጅ ተቀምጦ ነው የሚበላው፣ ትልቅ ሰው ከአጠገቡ አይጠፋም። የቀረው ልምምድ ነው፤ ማኘክ የሚለመደው በማኘክ ነው፣ ጥርስ እስኪሞላ አይጠበቅም።

«ዘግይታችኋል፤ ግን አልመሸም» አለች። «ድምፅ ካለ አየር አለ፤ ይህን ያዙ።»

ሊቀ ወንፊት ማስታወሻቸውን አወጡ። «ድምፁ ስንት ዴሲቤል ይሁን?»

ነርሷ መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ ሰውየውን በደንብ ልታያቸው ፈልጋ ይመስለኛል። «የሚቀጥለው!» ብላ በሩን ከፈተች።

እንዲህ እንዲህ ስንል አሥራ አራተኛው ወር ገባ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሳቅ መሆኑ ቀረ። የወንድሜ ሚስት ፋርማሲስት ናት፤ ፈቃዷን ሁለት ጊዜ አስረዝማለች፤ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ሰኞ ካልገባች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አስታውቋታል። እናቴ በሕይወት የለችም፣ እኔም ሥራ አለኝ። በሠፈሩ ያለው የሕፃናት ማቆያ አንድ ብቻ ነው፤ በስንት ደጅ ጥናት አንዲት ቦታ ተገኘች። ኃላፊዋ ግን ከበሩ ላይ ነው የተናገረችው።

«እኛ ለሁሉም አንድ ድስት ነው የምናበስለው። ይለሰልሳል፣ በልኩ ይቆረጣል፣ ጨው የለውም። አንፈጭም፣ አንነፋም። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ትሞከር። ዓርብም ካልበላች ቀኑን ሙሉ ሆዷን ባዶ አላውላትም፤ ወረፋ የሚጠብቅ አለ።»

ረቡዕ ሊቀ ወንፊት ፈቃድ ወስደው ልጃቸው አጠገብ ተሰየሙ። ልጅቷ ያነሣችውን ሁሉ ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ይፈትሹታል። ፈትሸው እስኪመልሱላት ድንቹ ጭቃ ሆኗል። እሷም ጭቃውን ጠረጴዛው ላይ ለቀለቀችው። አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ሐሙስ ሁለት ገጽ የአሠራር መመሪያ ተይቦ መጣ። ኃላፊዋ ርዕሱን አንብባ መለሰችላቸው።

«ወንድሜ፣ ያለኝ ሁለት እጅና አሥራ ሁለት አፍ ነው። ይህን የሚያነብ ሦስተኛ ዓይን አልተሰጠኝም። ከኋላ ቁም።»

ከኋላ ቆሙ። ልጅቷ ቁራጭ ታነሣና፣ አፏ ከማድረሷ በፊት አንገቷን ዞር አድርጋ አባቷን ታያለች። አባቷ ግድግዳ ሲደረመስ የሚያይ ሰው ፊት ነው ያላቸው። ቁራጩን ቀስ ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አምስት ጊዜ አነሣች፣ አምስት ጊዜ አየቻቸው፣ አምስት ጊዜ አስቀመጠች። እኔም ልወስዳቸው መጥቼ በር ላይ ሆኜ ይህን አየሁ።

ማታ እኔም ባለሁበት ሚስቱ ወንድሜን ቁጭ አድርጋ ነገረችው።

«ስማ አንተ ሰው። ልጅቷ ምግቡን አይደለም የምትፈራው፤ ፊትህን ነው።»

የመመሪያውን ሁለት ገጽ አጣጠፈ።

«ነገ አንተ አትገባም። እኔ ሰኞ እንደምገባ ደብዳቤውን ፈርሜ ለመመለስ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ እትዬ ትግባ።»

«ፊቴን ምን ላድርገው?» አለ።

እኔም የማሾፊያ ቃል አጥቼ ኮቴን ፈለግኩ።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ልጅቷን ይዤ ገባሁ። ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ አሥራ ሦስት ትንንሽ ወንበር፣ አሥራ ሦስት ሳህን፤ ድንች፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል። ልጃችን እንደ ትላንቱ ቁራጭ አንሥታ ወደ ኋላ ዞረች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ወደ እኔ አየች፤ እኔ መስኮት መስኮቱን። ግራ ቢገባት የራሷን ትታ ከጎኗ ያለው ወፍራም ልጅ ሳህን ውስጥ እጇን ላከች፣ ድንች ሰረቀች፣ አፏ ውስጥ ከተተች።

«እኽ!»

ቀላች። እንባ። ሳል። እኔ፣ ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ሰው ስስቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አለች ኃላፊዋ፣ እሷ ግን ከልጅቷ አጠገብ ተንበርክካ ፊት ፊቷን እያየች። «ትሰሚያት የለ? እያሳለች ነው። በርቺ የኔ እመቤት።»

ልጅቷ ድንቹን መዳፏ ላይ ተፋችው። እያገላበጠች መረመረችው። መልሳ ጎረሰችው፣ በድዷ አላመጠችው፣ ዋጠችው። ከዚያ የልጁን ሳህን ባዶ እስክታስቀር አላረፈችም፤ ልጁ ሲያለቅስ ወደ ራሷ ሳህን ተመለሰች።

ልነግረው ሮጬ ወጣሁ። ሩቅ አልሄድኩም። በሩን ስከፍተው አብሮኝ ተጎተተ፤ ከውጭ በኩል እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ሳሉንም፣ የወንበሩን መውደቅም፣ ሁሉንም ሰምቷል። በሩ ቁልፍ አልነበረውም፤ መግባት ይችል ነበር።

«በልታለች» አልኩት።

«ምን ያህል?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በኋላ ሚስቱን ጠየቅኋት። ልጅቷ ምግብ ከጀመረች ወዲህ እሱ ማዕድ ቀርቦ አያውቅም አለችኝ፤ ልጅቷ ስትበላ ቆሞ አፏን ይጠብቃል፣ ሲያበቃ የተረፈውን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ ይጎርሳል። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ እራት በልቻለሁ፤ ሳህን እንዳልቀረበለት ግን ልብ አላልኩም። ቀልዴን ሳሳምር ነበር።

ሰኞ እናትዮዋ ሥራ ገባች፣ ልጅቷ ማቆያ። ወንድሜ ደግሞ አሁን አዲስ ሙከራ ላይ ነው፦ እራት መብላት። ተቀምጦ፣ ከልጁ ጋር በአንድ ጠረጴዛ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ አሥር ጉርሻ። ትላንት ሦስት ደርሶ ቀና አለ። ዛሬ እኔም ተጋብዣለሁ። ልጅቷ ከፊት ለፊቱ ካሮት በጣቷ እያሳደደች ነው፤ እሱ አቀርቅሮ ይጎርሳል፣ ሚስቱ ትቆጥርለታለች። አምስተኛው ላይ ልጅቷ አሳለች። አንገቱ ተነሣ ሲል ትከሻውን ያዝኩት።

«ብላ።»

«እትዬ፣ ግን...»

«እኔ እያየኋት ነው። ብላ።»

ውሸቴን አልነበረም። ቁጭ ካልኩ ጀምሮ ዓይኔ ከአፏ አልተነቀለም፤ የራሴ ሳህን ሳይነካ ቀዝቅዟል። እሱ ስድስተኛውን ጎረሰ።