ወይዘሮ በለጡ የጠባቂውን ልቦለድ ከቅመም መጠቅለያነት እንዳዳኑ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ነስሮ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብሎ መጻሕፍት ማከራየት በጀመረ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ባላቸው አቶ ወርቁም ባረፉ በስምንተኛው ወር፣ የሐኪም ጋራ ሰፈር እመቤት፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ጥቁር ነጠላቸውን ገና ያላወለቁ፣ የፍቅር ልቦለድ እንደ ቆሎ የሚቆረጥሙ ወይዘሮ በለጡ ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበር። በነስሮ ቤት ሕግ፣ አንባቢ ሁሉ መጽሐፉን ሲመልስ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ አስተያየቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። ገጹ በሞላ ጊዜ ነስሮ ይቆጥራል፤ ምስጋናው ከበለጠ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ነቀፌታው ከበለጠ ግን ጊደር መጋላ ገበያ ወርዶ ለቅመም ነጋዴዋ ለነጂባ የእርድና የቁንዶ በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። በዚያ ቅዳሜ ለፍርድ የቀረበው፣ ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ የተሳለበት፣ የአንዲት የባለጠጋ ልጅና የግል ጠባቂዋ ፍቅር የተተረከበት ልቦለድ ነበር።

ይህን መጽሐፍ የወይዘሮ በለጡ ባል አቶ ወርቁ፣ ሠላሳ ዓመት የመጋዘን በር የጠበቁት ዘበኛ፣ በሕመማቸው ወራት አንብበው ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞልተውት ነበር። ጠባቂው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲናፍቅ፣ «ካፖርቱን ማን ወሰደበት?» ብለው ጻፉ፤ ሦስት ቀን ሳይተኛ ሲቆም፣ «ተረኛው የት ሄደ?» አሉ፤ ልጅቷን ሲስማት ደግሞ፣ «በሩስ?» ብቻ አሉ። ወይዘሮ በለጡ መጽሐፉን ገዝተው ሣጥን ውስጥ ሊቆልፉት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ከተቆለፈ ወርቁን ማን ያነበዋል? ማንስ በቀልዱ ይስቃል? ስለዚህ በሕግ ይድን ዘንድ ወደዱ።

ከእርሳቸውም ጋር ዘመቱ፦ በቀኝ መምህርት ኤደን፣ መጽሐፉን የፈተና ወረቀት ሥር ደብቃ ያነበበችና «ዝምታው ደስ ይላል፤ ባሌ ቢማርበት» ብላ ያመሰገነች፤ በግራ ልብስ ሰፊዋ ሰሚራ፣ ጠባቂው ሸሚዙን የሚያወልቅበትን ገጽ ጫፉን አጥፋ ለተከታዩ አንባቢ ያመቻቸች፤ ከኋላም ሙሉመቤት፣ ምንም ያላነበበች፣ ነገር ግን ጃንጥላ ያላት።

ወእምዝ ነስሮ በደጃፉ ቆሞ ዐወጀ፦ «ሰባት አመሰገኑ፣ ሰባት ነቀፉ። ወላሂ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የቀረው አንድ መስመር የአምሳ አለቃ እንደሻው ነው።»

አምሳ አለቃ እንደሻውም፣ አንድ ጄኔራል ዐሥራ ሰባት ዓመት ያጀቡ፣ በጡረታም ሳሉ ሰው ሲያልፍ እጁን የሚያዩ፣ ወደ ፊት ወጥተው እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦ «ይህ ሰውዬ ሴት ታቅፎ ደረጃ ይወጣል፤ ሲወጣም ፍቅር ያወራል። ውሸት ነው። ማንም ጠባቂ አይችልም። ነቅፌአለሁ።» መጠቅለያዋን ልትወስድ የመጣችው ነጂባም ማዳበሪያዋን ዘረጋች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ በለጡ ዐወጁ፦ «አምሳ አለቃ፣ ጠባቂ አይችልም ነው ወይስ እርስዎ አይችሉም? በእርስዎ ጉልበት የሰው መጽሐፍ አይፈረድበትም። ደረጃው ይኸው፤ ሴትም ይኸው።» ብለውም በነስሮ ወንበር ላይ በሙሉ ክብደታቸው ተቀመጡ፤ ክብደታቸውም ጥቂት አልነበረም።

አምሳ አለቃው በወጥመድ ተያዙ፤ እምቢ ቢሉ ወታደርነታቸው፣ ቢችሉም ነቀፌታቸው ይወድቅ ነበርና። ኮታቸውን ለሙሉመቤት ሰጥተው ወይዘሮዋን ከነወንበራቸው አነሡ፤ ከሱቁ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጡትን ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃዎችም ጀመሩ። ሁለቱን በወንድነት ወጡ፣ ሁለቱን በእልህ፣ ሁለቱን በእግዚአብሔር ቸርነት። ከላይ ባጃጆች ቆሙ፤ ተሳፋሪዎችም አንገታቸውን አወጡ። በሰባተኛው ላይ ነስሮ፣ «ፍቅሩስ? መጽሐፉ ውስጥ ያወራል» የሚል አዋጅ ላከ።

አምሳ አለቃውም ላባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ ተናገሩ፦ «ወይዘሮ በለጡ፣ ከባድ ነዎት። ግን አልጥልዎትም።»

ሰሚራ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በዚያ ሁለት መቶ ገጽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረምና። ወይዘሮ በለጡም ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሳቁ፤ ወንበሩም በሳቃቸው ተናወጠ፤ ቢሆንም ዘጠነኛው ላይ ደረሰ።

አምሳ አለቃው ወገባቸውን ይዘው በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ይቻላል። ግን ወገብ ይጎዳል» ብለው ጻፉ። ነስሮም ጥቂት አሰላስሎ፣ ምስጋና ነው ብሎ ፈረደ። ስምንት ለሰባት ሆነ።

ስለዚህ ምስጋና ይድረሳቸው ለወይዘሮ በለጡ፣ ሰይፍ ሳይመዙ ላሸነፉ፣ አንድ እግር ሳያነሡ ዘጠኝ ደረጃ ለወጡ፣ ባላቸውን ከእርድ ጋር ከመጠቅለል ለታደጉ። እነሆ አቶ ወርቁ በነስሮ መደርደሪያ ላይ ቆመዋል፤ ሠላሳ ዓመት በር የዘጉት ሰው አሁን ለመጣ ሁሉ ክፍት ናቸው።