አንደኛው ፎቶ እስኪመጣ

ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ አይቀድምም የሚለውን ሕግ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ታናሽ እንዳልሆነ እኔ እምላለሁ።

ሕጉ በሰው ላይ ቢያበቃ ባልከፋ። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ባሕር ማዶ ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ አምቦ ስመለስ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።

የወንድሜ ልጅ ጫልቱ ባኮ ላይ የበቆሎ በሽታ ታጠናለች። የቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን የሚለይ ፕሮግራም ጽፋለች፤ ሥራውን ለስምንት ከፋፍሎ ጎን ለጎን ይሠራል። «ደቦ ነው» ትላለች። ሰኞ ውጤቱን ካላቀረበች የሁለት ዓመት ልፋቷ ውድቅ ነው። ደቦው ግን በተጀመረ በግማሽ ሰዓቱ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ጢም አድርጎ ሞልቶ ቀጥ ይላል።

«አዳዳ፣ ሜሞሪ ይጨመርለት ይሆን?» አለችኝ። እኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ናት። ለሆዳም ሰፊ ሌማት መድኃኒት አይሆነውም አልኳት።

ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሆዳም አልነበረም። ጨዋ ነበር። አንደኛው ፎቶ ማሳውን በሙሉ ከላይ የሚያሳይ፣ ቶሎ ተሠርቶ የማያልቅ ግዙፍ ነገር ነው። የሁለተኛው፣ የሦስተኛው፣ የሺኛው ውጤቶች ቀድመው ይደርሳሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ሳይገባ መግባት ነውር ስለሆነ፣ ሜሞሪ የሚበላውን ፎቷቸውን እንደታቀፉ ውጤት መቀበያው በር ላይ ይቆማሉ። ከኋላቸው ሌላ ይመጣል። በሩ ላይ ያልተከመረ የለም። በተራ ቁጥር ካልሆነ አትቀበል ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። ለምን ብላት፣ «እንዴ አዳዳ፣ ታናሽ እንዴት ይቀድማል?» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

የጨረሰ ይግባ፣ ፎቶውን እዚያው ይጣል፣ ቁጥሩን ኋላ ትደረድሪዋለሽ አልኳት። እሑድ ሰው ከጸሎት ሳይመለስ ሥራው አለቀ። ሜሞሪውም እንደ ጊንጪ ሜዳ ተንጣሎ ዋለ።

አባቷ ኦቦ ደቻሳ፣ ታላቄ፣ ጥግ ተቀምጦ ሲሰማ ነበር። ያኔ በወጣትነታችን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን በመጀመሪያው ዓመት አልፌ፣ አባታችን «ታላቅሽ ሳይገባ ዩኒቨርሲቲ አትገቢም» ብለው፣ እሱ ሦስት ዓመት ሲወድቅ ሦስት ዓመት በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን ጉሮሮውን ጠረገና፣ መንገድ ዘግቼብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ አለ።

ተራህን ጠብቅ አልኩት። አባታችን ይቀድሙሃል፤ እሳቸው ደግሞ ይቅርታ ሳይጠይቁኝ ሞተዋል።

ጫልቱ ሳቀች። «አዳዳ፣ ይሄ እኮ አሁን ያስተካከልነው ስህተት ነው።»

አውቃለሁ አልኳት። ማንንም ይቅር አልልም።