ጋሼ ሰይድ እና የአሳማው ሽምግልና

አማቱን ይዞ ሽርሽር የሚወጣ ወንድ ወይ ጀግና ነው፣ ወይ ጤና የለውም! እኔ የትኛው እንደሆንኩ እናንተው ፍረዱ።

አማቴ ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። እዚህ ሜልበርን፣ በሰፈራችን አስኮት ቬል ውስጥ እሳቸው ያላስታረቋቸው ባልና ሚስት ካሉ፣ ገና አልተጋቡም ማለት ነው። ባለፈው እሁድ ልጄ ሐያት ብትነዘንዘኝ ጊዜ፣ ከዌሪቢው መጋዘን ሺፍት የተረፈችኝን አንዲት ቀን ሰውቼ ለሦስታችን ቲኬት ቡክ አደረግሁ። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ የጥንት አውሮፓ መንደር ነው። የሣር ጎጆ፣ የእንጨት አጥር፣ ጭቃ... ሠራተኞቹም የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው እንደዚያ ዘመን ሰው ይኖራሉ። ብትሞቱ «ትወና ነው» አይሏችሁም። እኔ ደግሞ ይህንን ለጋሼ መንገር ፓርኪንግ ስፈልግ ረሳሁት!

ገና በሩን እንዳለፍን አንድ ጆንያ የለበሰ ሰውዬ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ይነፋረቃል።

«ምን ሆኖ ነው? ጠይቀው እስቲ» አሉኝ ጋሼ።

ጠየቅሁት። የመንደሩ ጌታ የመጨረሻ «ስዋይኑን» ወስዶበታል። በድሮ እንግሊዝኛ አሳማውን ማለቱ ነው። እስቲ ይሄን ለአንድ ወሎዬ ሐጂ እንዴት አድርጋችሁ ትተረጉሙታላችሁ?

«ከብቱን ወስደውበት ነው» አልኩ።

«እዚህ ሜልበርን? መንግሥት ባለበት አገር?»

«አባባ፣ ሂ ኢዝ ጀስት አክቲንግ!» አለች ሐያት ለአያቷ፤ ትወና ነው ማለቷ ነው።

«ምን አለች?»

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ጋሼ የሉም! ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጌታው አዳራሽ ይገሰግሳሉ። ሮጬ ደረስኩባቸው። ቀይ ካባ የደረበው ጌታ፣ ጎብኚው ከቦት የዶሮ እግር ይግጣል። ጋሼ ፊቱ ቆሙ።

«በለው! ለአላህ ብለህ የድሃውን ከብት መልስ!»

ተረጎምኩ። ጌታው አፈጠጠ። «መሬቱም የኔ! ፒጉም የኔ! ይህን ሽማግሌ እሰሩት!» ጎብኚው አጨበጨበ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ «ፒግ»ን ግን ያውቋታል። ሱቅ በገቡ ቁጥር ዕቃ ከማንሳታቸው በፊት የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው።

«ፒግ ነው ያለው?»

«...አዎ፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ይሁን። እበላዋለሁ አላልኩም። የሰው ሐቅ ሐቅ ነው። ባለአሳማውን ጥራው!»

ጠራሁት። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ እሳቸው መሃል ገቡ። «መቼ ነው የተቀያየማችሁት?»

ስተረጉም ባለአሳማው ለቅሶውንም የድሮ እንግሊዝኛውንም ረሳው። «ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ጌታ፣ እኔ ጭቃ ውስጥ! አንድ ቀን ካባውን ልበሰው ብሎኝ አያውቅም!»

ጌታው ቀላ። «መቼ ጠይቀኸኝ?»

«ታላቅ ወንድሜ አይደለህም? መጠየቅ ነበረብኝ?»

ለካ ወንድማማቾች ናቸው! ኋላ እንደነገሩን ከትወናው ውጭ ቃል ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። ጋሼ ብቻ አልደነቃቸውም። «ድሮም የከብት ነገር አልመሰለኝም» አሉኝ በጆሮዬ።

ፍርዳቸው አጭር ነበር። «አንተ ካባህን አውልቅ። አንተም ጆንያህን።»

እዚያው ተለዋወጡ። ካባው መሬት ለመሬት ተጎተተ፣ ጆንያው በጌታው ሆድ አላልፍ አለ። ታላቅየው ታናሹን እንደዚያ ሆኖ ሲያየው ሄዶ አቀፈው። ሁለቱም አለቀሱ፣ ይሄኛው ለቅሶ የምር ነበር። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ አይስክሬም የያዘ ጎብኚ ሁሉ «አሚን!» አለ። ምን እንዳለ ያወቀ ግን አልነበረም።

ልንወጣ ስንል የመንደሩ አስተዳዳሪ ሴትዮ እየሮጠች መጣች። ሊከሱን ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን ጋሼን ልትለምናቸው ነው፦ በየወሩ አንድ እሁድ እየመጡ የመንደሩ ዳኛ ቢሆኑላቸውስ? ጋሼ ዓይናቸውን ሳያሹ ተስማሙ! እዚያው ወርቃማ ጥልፍ ያለበት ረዥም ጥቁር ካባ አለበሷቸው፤ የዘመኑ ሱልጣን መሰሉ።

አስተርጓሚውስ? ለአስተርጓሚ የተረፈው ልብስ አንድ ብቻ ነበር። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ቆቡ ሁለት ቀንድ ያለው፣ በየቀንዱ ጫፍ ቃጭል የተንጠለጠለበት... አዎ፣ የንጉሥ አጫዋች ልብስ! ለብሼ ወጣሁ። ስራመድ እንደ ፍየል እንቃጨላለሁ። ጋሼ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማሻ አላህ! ይሄ ደግሞ ያምርብሃል» አሉኝ።

ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አማቴ ሲያደንቁኝ የመጀመሪያቸው ነው!